ሳልቆርጥ የከፈትሁት ሣጥን

ንፋስ መውጫ ላይ የነበረችኝን ጠባብ ሱቅ ባለፈው ዓመት ዘጋሁ። ዐይኔ ደክሞ አይደለም፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ሥራው ራሱ ጠፍቶ ነው። ዛሬ ቁልፍ የጠፋበት ሰው የሚጠራው የኤሌክትሪክ መቁረጫ የያዘ ጎረምሳ ነው። ጎረምሳው በባጃጅ ይመጣል፣ ብልጭታ ይረጫል፣ የተቆረጠውን ብረት እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ባለቤቱም «ጎበዝ» ይለዋል። በኔ ዘመን ቁልፍ የሚቆርጥ ሌባ ነበር፤ የሚከፍት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

መኩራራት የሚመስለው ይምሰለው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያልከፈትሁት ነገር የለም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ የትምህርት ቤት ቁም ሣጥን፣ የሹም መኪና፣ እናቷ ቁልፉን ወንዝ የጣለችባት ሙሽራ ሣጥን፣ ሁሉንም ከፍቻለሁ። ቀለም የቆጠርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያስተማረኝም ሰው የለም።

የለም ስል አያ ወርቁን ረስቼ አይደለም። አያ ወርቁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ጠመንጃ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። አላስተማሩኝም፤ ሁለት ክረምት ከደጃቸው ተቀምጬ አየኋቸው እንጂ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ታጥበው ፀሐይ ላይ ያደርቁ ነበር። ቅቤ የነካው ጣት ብረት አይሰማም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብረቱን ይይዛሉ ስትል አይይዙም። ቁልፍ የጠፋበትን ሰው አጠገባቸው ያስቀምጡና ይጠይቁታል። ማን ዘጋው? ሲዘጋው ተቆጥቶ ነበር ወይስ ረጋ ብሎ? ማንን ፈርቶ ዘጋው? እንዲህ ሲሉ ቀኑ ይጋመሳል።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «አያ፣ ሰውየውን ምን ያደርቁታል? ብረቱን አይይዙትም?» አልኋቸው።

«ብረት የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው» አሉኝ። «የነገረው ሰው ነው።»

የሽማግሌ ወሬ መሰለኝ። ከሳቸው አመዱን ወሰድሁ፤ ጥያቄውን ተውሁት።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመንግሥት ጥገና ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። የተሰበረ በር፣ የዛገ ማጠፊያ፣ የማይዘጋ መስኮት ባለበት ሁሉ ከወረዳ ወረዳ እላካለሁ። አለቆቼ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የቀድሞ አስተማሪ ነበር፤ መዶሻውን ሳይቀር «ጓድ» ሊለው ምንም አይቀረው። ቀጥሎ የመጣው መቶ አለቃ ማንንም አያምንም፤ በሳምንት አንዴ ግን ቁልፉን ይጥላል። አንዴ አስጠርቶኝ በሩን ልከፍት ስንበረከክ የሸሚዝ ኪሱ ሲያቃጭል ሰማሁ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለ ፊቱን ሳይለውጥ። «አንተን ስፈትንህ ነው።»

ደመወዙ ለሳሙናና ለጨው ይበቃል። አንዲት ማጠፊያ ለማውጣት ሦስት ቅጽ ይሞላል። ስለዚያ ሥራ ከዚህ በላይ ቀለም አልጨርስም።

ስሜን ያወጣው የአርብ ገበያው ሥራ ነው። በድርቁ ጊዜ እርዳታ ይዞ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሞተር ብስክሌቱን ከባሕር ዛፍ ጋር አስሮ ነበር። ያሰረበት ጎማ የለበሰ የሽቦ ገመድ ነው፤ ገመዱ ቁልፍ የለውም፤ ጫፉ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው አራት ቀለበቶች አሉ። አራቱ በልካቸው ካልቆሙ አይለቅም። ፈረንጁ ትኩሳት ይዞት ሰንብቶ ሲነሣ ቁጥሩ ከራሱ ጠፍቷል። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ገበያው ሁሉ ከበበን። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንዱ ጨው ነጋዴ «ባለእጅ፣ ቁጥር ሳትማር ቁጥር ልትከፍት ነው?» ብሎ አሳቀብኝ።

እጄን በአመድ ታጠብሁ። ገመዱን በግራ እጄ ወደ ውጭ ወጠርሁት፤ አጥብቄ አይደለም፣ የበሬ ጆሮ እንደሚሳብ ያህል። በቀኜ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሦስቱ ልቅ ናቸው፤ አንዱ ግን ተወጥሮ ያንገራግራል። ጭነቱን የተሸከመው እሱ ነው ማለት ነው። እሱን ብቻ ቀስ ብዬ ሳዞር አንድ ቦታ ላይ ገመዱ የጤፍ ፍሬ ታህል ወደ ውጭ ሸሸት አለ። ውስጡ ያለው ምላስ ጎድጓዳውን አገኘ። ያን ትቼ አሁን የሚያንገራግረው የቱ ነው ብዬ ፈለግሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ገመዱ እጄ ላይ ወደቀ። እሳት አንድደህ ውኃ እስኪፈላ አልፈጀም። ሴቶቹ እልል አሉ። ጨው ነጋዴው ራሱ «ይህ ሰው ጣቱ ላይ ጆሮ አለው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጆሮ ጣት» ተባልሁ። ስሙን ወደድሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ራሴ ላይ ያለው ጆሮ ከዚያ ወዲያ ሥራ ፈታ።

አሁን ወደ ስማዳው ልምጣ።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ነው፤ ወሩ ጥቅምት። የስማዳ ከተማ ወገዳ ላይ የትምህርት ቤት በር ስጠግን ከቆላ አንድ ሊቀመንበር ሰው ላከብኝ። የግማሽ ቀን ቁልቁለት ወረድሁ። ዝናቡ እንደ ቆመ ወባ ገብቶ አገሩን አንጥፎታል። ቀበሌው አንዲት ክሊኒክና አንድ ድሬሰር ነበረው። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ መድኃኒት የሚያድለው እሱ ነው፤ አዲሱ ይባላል። የወባው ክኒን ሁሉ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ስለ ተበላሸ አዲሱ በሁለቱ እጀታዎች የሽቦ ገመድ አሳልፎ ነበር የሚቆልፈው። ልክ እንደ ፈረንጁ፣ ባለ አራት ቀለበት። ቁጥሩን ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ወባው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ አዲሱን «ለወንበዴ መድኃኒት ሰጥተሃል» ብለው ወደ ንፋስ መውጫ ወሰዱት። ነገሩ እስኪጣራ ሣጥኑን የነካ ከሱ ጎን ይታሰራል ተባለ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የገዛ እናቱ ታማ ተኝታለች። «ገመዱ ከተቆረጠ እኔም አንተም ጠፍተናል። ሳይቆረጥ ከተከፈተና ተመልሶ ከተዘጋ ግን፣ ማን አየ?»

«እኔ ቆርጬ አላውቅም» አልሁ። ደረቴን ሳልነፋ አልቀረሁም።

ግቢው በሕመምተኛ ሞልቷል። ከሾላው ሥር በቃሬዛ ላይ አንዲት የዘጠኝ ወይ የዐሥር ዓመት ልጅ ተኝታለች። ጥሩዬ ትባላለች። አባቷ ሙጬ የሚባል ገበሬ ነው። ራሷን ደግፎ ውኃ በእጁ ያጠጣታል፤ ውኃው በአፏ ጎን ይወርዳል።

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?» አለኝ።

«ውኃ እስኪፈላ።»

«እንግዲያው ልጣድ» አለ ፈገግ ብሎ፤ እውነትም ሄዶ ጣደ።

ውኃው ፈላ፤ ቀዘቀዘም። ያ ገመድ እንደ አርብ ገበያው አልነበረም። ወጥሬ ሳዞር ገመዱ ሸሸት ይላል፣ አገኘሁት እላለሁ፣ ወደ ሌላው አልፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ አይለቅም። ሠሪዎቹ በያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ የውሸት ጎድጓዳ ቀርጸውበታል። እውነተኛው አንድ ነው፤ ውሸተኞቹ ሁለት ሦስት ናቸው። ጣት ለይቶ አያውቃቸውም። ይህን የተረዳሁት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

በዚህ መካከል ትርንጎ ደረሰች። ትርንጎ የአዲሱ ሚስት ናት። ስንቅ አድርሳ ከንፋስ መውጫ በእግሯ መመለሷ ነው፤ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳለች። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ «ስለ ሣጥኑ አልጠየቅሽውም?» አላት።

«ጠየቅሁት። ዘበኛው ከመካከላችን ቆሟል፤ ምን ይበለኝ? ‹ቂርቆስና ዑራኤል ይድረሱላችሁ በያቸው› አለኝ።»

«አሜን!» አሉ የቀበሌው መሪጌታ። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ እሳቸውም ወባ ይዟቸው በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «አሜን፣ አሜን» አለ ግቢው ሁሉ። እኔም ቀና ሳልል «አሜን» አልሁ።

ትርንጎ ግን አልተቀመጠችም። ወደኔ ቀረበች።

«ወንድም ዓለም፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትስቺ ብሎኛል። ቂርቆስ መጀመሪያ፣ ዑራኤል ቀጥሎ። ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። ነገር ሳይኖረው አይቀርም።»

ጣቴ ደክሟል፤ ሰው ያየኛል። «ምነው፣ ቅዱሳን እንደ ወታደር በሰልፍ ነው እንዴ የሚመጡት?» አልኋት።

ግቢው ሳቀ። ሙጬ እንኳ ሳቀ። ትርንጎ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ወፍ ሲንጫጫ ጀምሬ ሌላውን መንገድ ያዝሁ፤ ቁጥሩን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር። ይህ የደንቆሮ ሥራ ነው፤ እጅ ብቻ ይበቃዋል። ከዜሮ መነሣት ይቻላል፤ ከዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቁልቁል መውረድም ይቻላል። አዲሱ የተማረ ሰው ነው፣ ትንሽ ቁጥር አይመርጥም ብዬ ከላይ ጀመርሁ። አንዱን ቀለበት ማዞር፣ ገመዱን መሳብ፣ እንደገና ማዞር፣ እንደገና መሳብ። ስምንት ሺህ ሳልደርስ ጣቴ ውኃ ቋጠረ፤ ሰባት ሺህ ላይ ፈረጠ።

ቀትር ላይ ሙጬ መጥቶ ከጎኔ ተንበረከከ። ዐይኑ የከረጢቴ አፍ ላይ ነው፤ የብረት መጋዜ እጀታ ወጣ ብሎ ይታያል።

«ጌታው፣ ይህ ገመዱን አይቆርጠውም?»

«ይቆርጠዋል።»

«እንግዲያው ቁረጠው። ሙጬ ቆረጠው በላቸው። እኔ ልታሰር። መንቀጥቀጧን ትታለች፤ አሁን ስጠራት አትሰማኝም።»

«ሊቀመንበሩን ጠይቀው» አልሁት።

ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ፤ አትቁረጡም አላለ፣ ቁረጡም አላለ። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ ነው። ለብዙ ዓመት «መንግሥት ፈርቼ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ፍርሃቱም ነበረ፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከፍርሃቱ የበለጠው ሌላ ነው። ጆሮ ጣት ቆረጠ እንዳይባል ነው። ያ ገመድ በመጋዝ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

«ደርሻለሁ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ» አልሁት ለሙጬ። አራት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ነበርሁ።

አራት ሺህን ሳላልፍ ከሾላው ሥር ጩኸት ተሰማ። ቀና አላልሁም። ሌሎች ሕመምተኞች አሉ፣ መቀጠል አለብኝ ብዬ ነው፤ እውነትም አሉ። ደግሞ ቀና ብል ሙጬን አየዋለሁ። ጥሩዬን ለቀብር ሲያዘጋጁ እኔ አዞር ነበር። ሦስት ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ።

ዐሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ገመዱ ለቀቀ።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እንዴት እንደ ዘለልሁ ነው። «ከፈትሁት! ሳልቆርጥ ከፈትሁት!» ብዬ ጮህሁ። ገመዱን ከፍ አድርጌ ያዝሁና የቆሙትን ቁጥሮች ለሕዝቡ አነበብሁ። «አንድ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሁለት!»

መሪጌታው ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ። «ምን አልህ? ድገመው።»

ደገምሁት።

«አሥራ አምስት፤ ሃያ ሁለት» አሉ ለራሳቸው ያህል። ቀጥለው፣ ቅዳሴ ላይ እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ቂርቆስ። ዑራኤል» አሉ።

በኛ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ወር በገባ በአሥራ አምስት ቂርቆስ ነው፤ በሃያ ሁለት ዑራኤል ነው። «ለዑራኤል እመጣለሁ» ያለ ሰው «በሃያ ሁለት እመጣለሁ» ማለቱ ነው፤ ቀጠሮ የምንይዘው፣ ማኅበር የምንጠጣው በዚህ ነው። የዚያ ቀበሌ ታቦት ደግሞ ሚካኤል ነው። አዲሱ ሊመርቀን ቢፈልግ ሚካኤልን ትቶ አገሩ ላይ የሌሉ ሁለት ታቦቶችን ምን አስጠራው? ግን የቅዱስ ስም ሲጠራ አሜን ይባላል እንጂ ለምን ተጠራ ተብሎ አይጠየቅም። ዘበኛው ያልጠየቀው ለዚህ ነው፤ አዲሱ የተማመነውም በዚህ ነው። እኛም እንደ ዘበኛው ሆንን።

«ብዬ ነበር» አለች ትርንጎ። ከግድግዳው ሥር ቆማለች። «ቂርቆስ መጀመሪያ ብዬ ነበር።»

ሙጬ ከቀብር ተመልሶ በሩ ላይ ደርሷል። አፈር በእጁ ላይ አለ። እሷን አየ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ነግራናለች፣ ያሳቅሁባት እኔ ነኝ ማለት።

«አንቺ ያልሽው ምርቃት ነው!» አልሁ። «ቁጥር ነው መቼ አልሽ? መልእክት እንዲህ ተቆርሶ ይደርሳል?»

ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሊቀመንበሩ ቀበል አድርጎ «እውነቱን ነው፤ ሴት ልጅ መልእክት መቼ ታደርሳለች» አለ። መሪጌታው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከሁላችን ቀድመው አሜን ያሉ እሳቸው ነበሩና። ሙጬም ፊቱን ከኔ አንሥቶ ወደ እሷ መለሰው። እሷ ግን ሣጥኑን ከፈተች። የባሏን አሰጣጥ አይታ ታውቃለች፤ ክኒኑን በየዕድሜው እየቆጠረች እስኪመሽ አደለች። የሊቀመንበሩ እናት ዳኑ፤ መሪጌታው ዳኑ፤ ግቢው ሙሉ ሰው ዳነ። በማግሥቱ ስሸኝ የመረቁት እኔን ነው።

አዲሱ ከዓመት በኋላ ተፈትቶ ሲመለስ ወገዳ ላይ አገኘኝ። ትርንጎ ከኋላው ቆማለች። «ቅደም ተከተሉን አልነገረቻችሁም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምርቃት ብቻ ነው ያለችን» አልሁት። ወደ እሷ ዞሮ አየ። እሷ ወደ ገበያው ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተረት ሆነ። የተቆረሰ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው «የትርንጎ መልእክት አመጣህብን» ይባል ጀመር። መጀመሪያ ስማዳ ላይ ሰማሁት፣ ቀጥሎ እስቴ፣ በመጨረሻም ንፋስ መውጫ ሱቄ በር ላይ። ከሚስቁት ጋር ሳቅሁ። ታሪኩን እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ፤ ስምንት ሺህ ቁጥር አዙሬ ሳልቆርጥ መክፈቴን፣ የጣቴን ጠባሳ እያሳየሁ። ጥሩዬን ከትረካው አውጥቻታለሁ። ትርንጎ ማሳቂያ ሆና ቀረች።

ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ሥራ የፈታ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አሰብሁ። ዘንድሮ ያን ቁልቁለት በበትር ወረድሁት። ሙጬ ሞቷል። መሪጌታው፣ ሊቀመንበሩ፣ አዲሱም ሞተዋል። ትርንጎ አለች። ደጇ ላይ ባቄላ ስትለቅም አገኘኋት። ማን እንደሆንሁ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችኝ።

«እውነቱን ልነግርሽ።»

«ለኔ?» አለች ባቄላዋን ሳታቆም። «እኔ አላውቀውም?»

እሑድ ሚካኤል ተሳልሜ፣ ሰንበቴው ተበልቶ ጸሎት ከመደረጉ በፊት ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። ሽማግሌ ስለሆንሁ ዝም ብለው ሰሙኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ መጋዙን፣ ሳቁን፣ ጥሩዬን፣ ወገዳ ላይ ለአዲሱ የዋሸሁትን። ትርንጎ መልእክቱን ሙሉ አድርሳለች፣ ቅደም ተከተሉን ሳይቀር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ አልሁ። አብዛኛው ሰው ያኔ ያልተወለደ ነው። ተያዩ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ጎልማሳ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ የምር ገርሞት ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ትርንጎ ሰው ናት እንዴ? እኛ እኮ ተረት ነው የሚመስለን።»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት አሮጊት መሬቱን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሰው ነኝ» አለች፤ ተመልሳም ተቀመጠች።